የግንቡ ጀርባ

ፍቅርተማርያም አንድ ነገር በጣም ስትፈልግ «ኧረ ይቅርብኝ» ትላለች። በሽታ አይደለም፤ አስተዳደግ ነው። ደብረ ታቦር ያሳደገቻት አክስቷ «ሰው ቤት የቀረበልሽን በመጀመሪያው ጥሪ የምትቀበይ ከሆነ እኔ አላሳደግሁሽም» እያለች በቁንጥጫ ያስተማረቻት ነው። ወጉ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ሲጠይቁሽ አይሆንም ትያለሽ። ሲደግሙ «ኧረ ተዉ፣ አትቸገሩ» ትያለሽ። በሦስተኛው፣ «በሞቴ!» ሲመጣ፣ ያን ጊዜ አንገትሽን ሰበር አድርገሽ «ካላችሁስ እሺ» ነው። ጋባዥም ይኮራል፣ ተጋባዥም አይዋረድም፣ ሁሉም ጠግቦ ይነሳል።

ሜልበርን ግን አንዴ ነው የሚጠይቀው። «አይ» ካልሽ «ኦኬ» ብሎ ሰሃኑን ያነሳዋል። ይህችን አንዲት ነገር ለመማር ፍቅርተማርያምን አሥራ ሰባት ዓመት ፈጅቶባታል፤ ያስተማራትም የጣልያን ግንብ ነው ብል አልተሳሳትኩም።

የመጣችው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1991 ከካርቱም ነው። ባሏ ገዳሪፍ ላይ በወባ ሞቶባት፣ የስድስት ዓመት ልጇን የምሥራችን በአንድ እጇ፣ አንዲት ቦርሳ በሌላው ይዛ። መጀመሪያ ዶሮ ፋብሪካ ገባች። ስምንት ዓመት በዚያ ብርድ ውስጥ ቆማ ዶሮ ስትበልት ጉልበቷም ጣቷም እዚያው ቀረ ማለት ይቻላል። በ1999 ግን ዕድሏ ቀና፤ ፉትስክሬይ ከሚባለው የከተማው ሰፈር አጠገብ ካለ የጣልያን ጡረተኞች ክበብ የጽዳትና የወጥ ቤት ሥራ አገኘች። ሥራው ቀላል፣ ሰዎቹ ለፍላፊዎች፣ ቤቱ ሙቅ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

እነዚያ ጡረተኞች ብዙዎቹ ከአንድ አገር የመጡ ናቸው። ሉኒጃና ይሉታል፤ ሰሜን ጣልያን ውስጥ ያለ ኮረብታ በኮረብታ የሆነ አገር፣ በየኮረብታው ጫፍ የድሮ መሳፍንት የሠሩት ግንብ የተቀመጠበት። የክበቡ ኮሪደር ግድግዳ ላይ የግንቦቹ ፎቶግራፍ በፍሬም ተሰቅሏል፤ አሥራ አንድ ናቸው። የፍቅርተማርያም ሥራ ደግሞ በየሳምንቱ አቧራቸውን መጥረግ ነው።

ሰው አንድን ነገር በየሳምንቱ ሲጠርግ ዝም ብሎ አይጠርግም፤ ያውቀዋል፣ ይወደዋል፣ ስም ያወጣለታል። ነጩን ግንብ ሙሽራው አለችው። ሁለት ማማ ያለውን ባለ ቀንዱ። ገደል ጫፍ ላይ ወደ ፊቱ ዘመም ብሎ የቆመውን ጎባጣው። ከጡረተኞቹ መካከል ሲኞር ዲኖ የሚባሉ፣ ባርኔጣቸውን ከራሳቸው የማይለዩ ሽማግሌ ነበሩ፤ እሷ ጋሼ ዲኖ ነው የምትላቸው። የተወለዱት ከጎባጣው ሥር ካለችው መንደር ነው። ከአጠገቧ ወንበር ስበው ይቀመጡና በዱላቸው እየጠቆሙ ያስተምሯታል፤ ይህ ቀጭኑ ቀዳዳ ቀስት የሚወረወርበት ነው፣ ከበሩ አናት ያለው ደግሞ በጠላት ራስ ላይ ድንጋይ የሚለቀቅበት፣ እነዚህ ሁለቱ ስንጥቆች የሚነሳና የሚወርደው ድልድይ ሰንሰለት የሚገባባቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ ፍቅርተማርያም ስለ ምሽግ የምታውቀውን ያህል የሚያውቅ ሐበሻ በቪክቶሪያ ክፍለ ሀገር ውስጥ አለ ቢሉኝ አላምንም።

አንድ ነገር ግን ያብከነክናት ነበር። አሥራ አንዱም ፎቶ የተነሳው ከፊት ለፊት ነው። ጀርባው የታል? ሰው እንደዚያ ያለ ፊት ሠርቶ ከጀርባው ምን አስቀመጠ? በተለይ ጎባጣው። መወልወያዋን ይዛ ከፊቱ እየቆመች አንገቷን ወደ ጎን ታዘነብላለች፤ ልክ ብታዘነብል የሚታያት ይመስል! ሌላም ነገር ነበር፤ ለማንም የማትናገረው። በሕይወቷ የሄደችበት አገር ሁሉ የሄደችው በግድ ነው። ሱዳን ሸሽታ፣ ሜልበርን ተመድባ። ፈልጋ፣ በገዛ እግሯ፣ «ይህን ልይ» ብላ የሄደችበት አንድ ቦታ የላትም። ጎባጣው ማማ ላይ ወጥታ ጀርባውን ማየት ፈለገች። በቃ። እንደዚያ አምርራ የፈለገችው ነገር አልነበራትም።

በ2004 የክበቡ ጸሐፊ ማፋልዳ ከቢሮዋ ብቅ አለች። ማፋልዳ አፏ ፈጣን፣ ልቧ ደግ ሴት ናት፤ የፍቅርተማርያም ስም ስለረዘመባት «ፊኪ» ትላታለች።

«ፊኪ፣ በመስከረም ሰዎች ይዤ ሉኒጃና እሄዳለሁ፤ ግንቦቹን እናያለን። አንድ ቦታ አለ። ትመጪያለሽ?»

የፍቅርተማርያም እግር ሳታዝዘው ግማሽ እርምጃ ወደ ቢሮው ገባ። አፏ ግን የአክስቷ ነውና «ኧረ ምን በወጣችሁ! እኔ ደግሞ ምን ልሠራ!» አለ።

«ኦኬ» አለች ማፋልዳ፤ ወደ ስልኳም ተመለሰች።

ፍቅርተማርያም ያንን ሳምንት የማፋልዳን ደጃፍ በቀን ሦስት ጊዜ ወለወለች። ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል ብላ እኮ ነው! ወለሉ መስታወት ሆነ፤ ጥያቄው ግን አልመጣም። ዓርብ ዕለት ጎረቤቷ ዘውዲ ጋ ሄዳ አለቀሰች። ዘውዲ ፉትስክሬይ ላይ ፀጉር ትሠራለች፤ አንደበቷም እንደ መቀሷ ነው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ፈረንጅ ደግሞ መቼ ለምኖ ያውቃል? እምቢ አልሽ፣ አመነሽ!»

«እምቢ አልኩ እንጂ አልፈልግም አልኩ?»

«ይህንን ሂጂና ለማፋልዳ አስረጂያት።»

በ2006 ማፋልዳ ደግማ ጠየቀቻት። በዚህኛው ተዘጋጅታ ነበር፤ «አዎ» የምትለውን ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ አስቀምጣ ሁለት ዓመት ጠብቃለች። ግን የጠየቀቻት ካርታ በሚጫወቱ ስምንት ሽማግሌዎች ፊት ሆነና ሁሉም ዞረው አዩዋት። «ሌላ የሚሄድ ሰው ካለ... ለእሱ ብትሰጡት...» አለች። ሌላ የሚሄድ ሰው ደግሞ መቼም አይጠፋም።

በ2008 ማንም አልጠየቃትም። የካቲት ላይ ሊስቱ ተሠርቶ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፤ አሥራ ስድስት ስም። አራት ጊዜ አነበበችው። ጋሼ ዲኖ አሉ። በዓመት አንድ ቀን ብቻ ብቅ የሚል ሰው እንኳ አለ። እሷ የለችም።

ልጇ የምሥራች ከከተማው ዳር ክሬጊበርን ነው የምትኖረው፤ ቅዳሜ መጥታ ጉዳዩን ስትሰማ አልገባትም።

«ማም፣ ኖ ብለሻታል እኮ! ሁለቴ!»

«ደግማ መጠየቅ ነበረባት።»

«ዋይ? ደግሞስ ጉልበትሽ? ሃንድረድስ ኦፍ ስቴፕስ ነው፣ ማም።»

የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿም አልማሯትም። አንዷ «ኢየሩሳሌም ሳትሳለሚ የጣልያን ካብ ልታዪ?» አለቻት። ሌላዋ «አባቶቻችን ከአገር ያስወጡትን አንቺ ቤቱ ድረስ ልትሸኚው ነው?» ብላ ሰው ሁሉ አሳቀች። ፍቅርተማርያም ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀችና «ኢየሩሳሌምም እሄዳለሁ። እግዜር ግንብ አየሽ ብሎ የሚቀየመኝ ከሆነ ግን ስንገናኝ እኔው እጠይቀዋለሁ» አለቻቸው። እሷም በገዛ አፏ ደነገጠች፤ ግን ደስ አላት።

ከዚያ ልምምድ ተጀመረ። ማታ ማታ ዘውዲ ሱቋን ስትዘጋ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ማፋልዳን ትሆናለች። «እህ፣ ፊኪ፣ ምን ልርዳሽ?»

«እንዴ፣ ምንም፣ እንዲያው ሰላም ልበልሽ...»

«ውጪ! እንደገና ግቢ!»

አሥር ጊዜ ገባች፣ አሥር ጊዜ ወጣች። ሲጠይቁት እሺ ማለት ራሱ ስንት ጣጣ ሆኖ፣ ሳይጠየቁ «ስጡኝ» ማለት! ይህ በእሷ አገር የለማኝ ወይም የባለጌ ነው። በአሥራ አንደኛው ግን ዘውዲን ዓይን ዓይኗን አይታ «ሉኒጃና መሄድ እፈልጋለሁ» አለች፤ ዘውዲም ከወንበሯ ዘልላ እልል አለችላት።

ሰኞ ጠዋት ማፋልዳ ቢሮ ገባች። ሙሉ እርምጃ።

«መሄድ እፈልጋለሁ» አለች። «ከ2004 ጀምሮ ነው የምፈልገው።»

ማፋልዳ መነጽሯን አወለቀች። «አንቺ? ሁለቴ እኮ አይሆንም ብለሻል!»

«በእኛ አገር ሦስተኛው ነው እውነቱ።»

«የኔ እናት፣ አሁን ሞልቷል። አውቶቡሷ ትንሽ ናት፣ ሆቴሉም ቡክ ተደርጓል። የዛሬ ሁለት ዓመት ትመጪያለሽ።»

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን አመስግኖ ይወጣ ነበር። ፍቅርተማርያም ግን ወጉ ካስተማራት ነገሮች ሁሉ አንዱ ገና በእጇ ነበር፤ ደጅ ጥናት። እኛ አገር ጉዳይ ያለው ሰው ከትልቅ ሰው በር ላይ ይቆማል። አይጮህም፣ አይሳደብም፤ ይቆማል። ባለቤቱ ሲወጣ እጅ ይነሳል፣ ሲገባ እጅ ይነሳል። ወር ይሁን ዓመት፣ የሚያሸንፈው የቆመው ነው። ከማግስቱ ጀምሮ ሺፍቷ ሳይጀምር፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ማፋልዳ ቢሮ ፊት ያለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ማፋልዳ ስትመጣ ብድግ ብላ «ደህና አደርሽ፤ ዛሬስ?» ትላለች። «ዛሬም የለም።» «እሺ። ነገ እመጣለሁ።»

አንድ ሳምንት። ሦስት ሳምንት። ዘውዲ እንኳ «ኧረ በቃሽ» አለቻት። ጉንፋን ይዟት እያነጠሰች ሄደች። በሰባተኛው ሳምንት ረቡዕ ማፋልዳ ከመኪናዋ ሳትወርድ በመስኮት ጮኸች፦

«ትልቁን አውቶቡስ እንዲያመጡ ደውያለሁ! ሆቴሉም አንድ ክፍል ጨምሯል! አሁን ስለ እግዚአብሔር ከደጄ ተነሺልኝ!»

ፍቅርተማርያም መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ሽንት ቤት ገብታ አነባች፣ ከዚያ ኮሪደሩን ጠረገች።

መስከረም ላይ ሄዱ። ስለ ጉዞው ብዙ አልልም፤ አንዳንዱ ግንብ አሳዘናት፣ አንዳንዱ አስደነቃት። ሙሽራው ለካ እንደ ፎቶው ነጭ አይደለም፣ ዝናብ ያጠቆረው ነው። ባለ ቀንዱ ሆቴል ሆኗል። ቡድኑ በደረሰበት ሁሉ ከፊት ለፊት ፎቶ ይነሳና ወደ ምሳ ይሮጣል፤ እሷ ግን ጉልበቷን እያሸች በግንቡ ዙሪያ ትሄዳለች። የአንዱ ጀርባ የዶሮ ቤት፣ የሌላው የወይን ማሳ ነበር። በየበሩ ደግሞ «እዚህ የድልድዩ ሰንሰለት ይገባ ነበር፣ ከዚህ ላይ ድንጋይ ይለቁ ነበር» እያለች ስታስረዳ ማፋልዳ አፏን ከፍታ ትሰማታለች።

ጎባጣው ለመጨረሻው ቀን ቀረ። የጎባጣው ጀርባ በእግር ዞረው የሚያዩት አይደለም፤ ገደል ነው። ከማማው ጫፍ ካልሆነ አይታይም። ዳገቱን ሲጨርሱ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ በነጋታው ጠዋት ደግሞ አውሮፕላን አለ። ብዙዎቹ ሥር ካለው መጠጥ ቤት ቀሩ። በሩ ላይ ቁልፍ የያዘ ጢማም ዘበኛ ቆሟል። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ በአንድ ጊዜ የሚወጣው ስድስት ሰው ብቻ ነው አለ፤ ይህ ደግሞ የዛሬ የመጨረሻው ተራ ነው። በሩ ድረስ የመጡት ሰባት ናቸው።

ዘበኛው አምስት ቆጥሮ አስገባ። ስድስተኛው ጋሼ ዲኖ ነበሩ። ዞረው አዩዋት፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አንቺ ግቢ» አሏት። «እኔ ከልጅነቴ ሳየው የኖርኩት ነው። እግሬም አይችልም። ግቢ፣ ግቢ።»

«እሺ፣ አመሰግናለሁ!» አለች ፍቅርተማርያም፤ በመጀመሪያው ጥሪ! ገባች። በራሷ ኮራች። ዘውዲ ብታያት!

ከደረጃው አብዛኛውን እንደወጣች ጉልበቷ ያዛትና ከአንዷ የቀስት ቀዳዳ አጠገብ ቆመች። በቀዳዳዋ ወደ ታች ስታይ በሩ ይታያል። ጋሼ ዲኖ አልሄዱም። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ግማሽ እርምጃ ወደ በሩ ገባ ብለው ቆመዋል።

ያንን ግማሽ እርምጃ ታውቀዋለች።

«ውይ በሞትኩት!» አለች ጮክ ብላ። ዘጠኝ ዓመት ሾርባ ስታቀርብላቸው ሁለቴ «በቃኝ» ብለው በሦስተኛው ሰሃናቸውን የሚዘረጉ ሰውዬ! እዚህም ኮረብታ ላይ ያሳደገቻቸው አክስት ነበረቻቸው ማለት ነው። ማፋልዳ በእሷ ላይ ያደረገችውን እሷ በሽማግሌ ላይ አደረገችው። ኀፍረት እንደ ፈላ ውኃ አቃጠላት። ወደ ላይ አየች፤ የቀረው ጥቂት ነው። ወደ ታች አየች። ተራግማ ወረደች።

ከበሩ ስትወጣ ዘበኛው እጁን አወራጨ፤ ከወጣሽ አትመለሺም አላት። እሷ አልሰማችውም። «ጋሼ ዲኖ፣ ይውጡ» አለች።

«አይ፣ አይ፣ አንቺ ሂጂ።»

«ይውጡ እንጂ። እኔ እደግፍዎታለሁ።»

«ኧረ ተይኝ፣ አሮጌ ነኝ፣ አስቸግርሻለሁ።»

«በሞቴ!» አለች፤ በአማርኛ። ክንዳቸውን ያዘች። «በሞቴ ጋሼ ዲኖ!»

ሽማግሌው አንገታቸውን ሰበሩ። «ካልሽስ እሺ» አሉ፤ በጣልያንኛ ነው ያሉት፣ ግን ሌላ ትርጉም ሊኖረው አይችልም።

ዘበኛው ተራው አልቋል አለ፤ ነገ ጠዋት ኑ። ነገ የለም አለችው። ሰዓቱን አሳያት። እሷም ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ደፉ ላይ ተቀመጠች። ጋሼ ዲኖን ከጎኗ ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻቸው። ስድስተኛዋን ትተው የወጡት አምስቱ አይተው ሲወርዱ እየተራመዷት አለፉ። ዘበኛው ቁልፉን አንሿሿ፣ ፖሊስ እጠራለሁ አለ፣ መልሶ ለመናት። እሷ እጅ ነስታ «እዚሁ ነን» አለችው። በመጨረሻ ማፋልዳን ከመጠጥ ቤቱ አስጠራትና አንሺልኝ አላት።

ማፋልዳ ፍቅርተማርያምን አየች፣ ዘበኛውን አየች፣ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «እኔ ሰባት ሳምንት ሞክሬያታለሁ» አለችው። «አንተ እስቲ ሞክር።»

ዘበኛው በሩን ከፈተው።

በየአሥር ደረጃው አረፉ። እሷ ጉልበቷን ትይዛለች፣ እሳቸው ደረታቸውን። መሃል ላይ ጋሼ ዲኖ በተቆራረጠ እንግሊዝኛ ነገሯት፤ ልጅ ሳሉ ግንቡ የባለርስቱ ነበር፣ እንደሳቸው ያለ የጭሰኛ ልጅ ደረጃውን ረግጦ አያውቅም። ሲያዩት ነው የኖሩት፤ ከታች። በሃያ አምስት ዓመታቸው አገሩን ጥለው ሲሄዱም ከታች አይተውት ነው የሄዱት።

«ታዲያ 'ሳየው የኖርኩት ነው' አሉኝ እኮ!»

«አዎ» አሉ። «ሳየው።»

ጫፍ ደረሱ። ፍቅርተማርያም እንደ ጥርስ በተደረደሩት የማማው ድንጋዮች መካከል አንገቷን አወጣች። ጀርባው ይኸው ነው፦ ግድግዳው ግማሹ ፈርሶ ገደሉ ውስጥ ገብቷል፣ ከሥሩ እርከን በእርከን የተቀመጠ ባቄላና ጎመን፣ ገመድ ላይ የተሰጣ አንሶላ፣ አንዲት አህያ። አሥራ ሰባት ዓመት አይደለም፣ ሃምሳ ስድስት ዓመት ዕድሜዋን ሙሉ የደከመችበት ነገር ይህ ነው? ሳቋ መጣ። ምንም ነገር እንደዚያ አምሮ ታይቷት አያውቅም። ጋሼ ዲኖ በዱላቸው ከታች ያለውን ሦስተኛ እርከን አሳዩአት። አባታቸው ይቆፍሩት የነበረ ነው። «እዚያ ጎንበስ ብዬ ነበር ወደዚህ የማየው» አሉና ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እሷም አብራቸው አለቀሰች፤ የሚያለቅስ ሽማግሌ ብቻውን አይተውም።

ፀሐይዋ ከኮረብታዎቹ ልትወርድ ትንሽ ቀርቷታል። ዘበኛው ከታች ቁልፉን በበሩ ብረት ላይ እየመታ ጮኸ፤ አልቋል፣ ውረዱ፣ ቤተሰብ አለኝ!

ፍቅርተማርያም ከማማው ጫፍ ጎንበስ ብላ፣ ለማንም ሰው እንደዚያ ጮክ ብላ ተናግራ በማታውቅበት ድምፅ፣ በአማርኛ መለሰችለት፦

«አንወርድም! ገና አይተን አልጠገብንም!»

ዘበኛው አማርኛ አይችልም። ግን ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ሲጋራ ለኮሰ።